አያ ደምሴ ቤት ያልተቀመጥንበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ቤታችን አፈሰሰ። ጣሪያው ማርጀቱን አውቃለሁ፤ በጋውን ሙሉ “ክረምት ሳይገባ” እያልኩ ስገፋው ቆይቼ ክረምቱ ቀደመኝ። ውኃው የወረደው መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ነው። ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል የረጠቡትን አወጣሁና ባለቤቴ በርበሬ በምታሰጣበት ሰሌን ላይ ገልጬ ደረደርኳቸው። አብዛኞቹ ተራ ወረቀት ናቸው። አንዱ ግን ከአባቴ የወረስኩት፣ በቆዳ የተለበጠ የብራና ዳዊት ነው። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ከእሱ ሽታ ተነሣ፤ የእርጥብ ቆዳ፣ የጢስ፣ የሰም፣ ትንሽም የአይጥ። የጋዜጠኝነት ዕድሜዬን ሙሉ ዓይንና ጆሮ እንጂ አፍንጫ ምስክር ይሆናል ብዬ አላውቅም። ይኸ ሽታ ግን እጄን ይዞ ቡሬ ገጠር፣ ገደል አፋፍ ላይ ካለች የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ አደረሰኝ።

ዓመተ ምሕረቱን ለማስታወስ ብዙ አልደክምም። መንግሥት ተለውጦ፣ አዲሶቹ ሹማምንት ወንበሩን ለምደውት፣ ክልልና ዞን የሚሉ ቃላት አፍ ላይ መግባት የጀመሩበት ጊዜ ነው። በደንብ የማስታውሰው ሌላውን ነው። አባይ በረሃን ወርዶ መውጣት ቀኑን ይበላ እንደነበር፣ ሾፌራችን የነበረው አንድ ካሴት ብቻ ስለሆነ እሱኑ ሲያገላብጥ እንደዋለ፣ ክሩ ሲጠላለፍ በእስክሪብቶ እያዞረ ሲያስተካክል መሪውን በጉልበቱ እንደያዘ። ጅጋ ስንደርስ ገበያ ነበር። ከገጠር በእግሩ የመጣው ወንድ ሁሉ አረንጓዴ ቁምጣና አረንጓዴ ኮት ለብሶ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ እጆቹን አንጠልጥሎበታል። ሲያዩት ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ሕዝብ ይመስላል። ፎቶ አንሺያችን ጌታሁን በመስኮት ብቅ ብሎ አየና “ይኸን ቀለም የሚነክረው ሰውዬ የት ይሆን ሕንፃ የሠራው?” አለ።

ፍኖተ ሰላም ያደርንበት ሆቴል ግቢው በማንጎ ዛፍ የተሸፈነ ነበር። አልጋ አሥራ አምስት ብር፤ በባልዲ ሙቅ ውኃ ከፈለጉ ሁለት ብር ተጨማሪ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወጣ ብሎ ባለው ማዕዘን ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ሲንጀሩን አውጥቶ ይሰፋል፤ ከአጠገቡ ብስክሌት የሚያከራይ ሰው አለ፤ ማዶ የካሴት መሸጫው ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ የክራር ዘፈን ያስተጋባል። ብስክሌት ተከራዮቹ ዘፈኑን እየተከተሉ ይዞሩ ስለነበር ዘፈኑ ሲያልቅ ኪራዩም ያለቀ ይመስል ነበር። በቅርቡ በዚያ ሳልፍ ማዕዘኑ ላይ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል፤ በልብስ ሰፊው ቦታ ስልክ ይጠገናል፤ ባጃጁ መንገድ አያሳልፍም። አላዘንኩም። ከተማ ያድግ ዘንድ ነው የተቆረቆረው። የማንጎው ዛፍ መኖሩን ብቻ በአጥር በኩል አየሁና መንገዴን ቀጠልኩ።

የመጣነው ለጉብኝት ነው። አካባቢውን ለጎብኚዎች ለማስተዋወቅ ታስቦ ከአዲስ አበባ የተጋበዝነው እኔ፣ ጌታሁንና ወይዘሮ ሂሩት ነበርን። ወይዘሮ ሂሩት የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤት ናት፤ ቦታው ለእንግዳ ይበቃ እንደሆን ለማየት መምጣቷ ነው። ግብዣውን የጻፈችልን አስጎብኚያችን አንጓች ትባላለች። ከሠላሳ ዓመት በታች የምትሆን፣ የዚያው የቡሬ ገጠር ልጅ፤ ረጅም ጉርድና ሸራ ጫማ አድርጋ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ታጥቃ በጠዋት ሆቴላችን ደጅ ጠበቀችን። ሰላምታ ከሰጠችን በኋላ ራሴን ትክ ብላ አየች። ገና በአርባዎቹ ውስጥ ብሆንም ጠጉሬ ሸብቶ ነበር።

“ጋሼ፣ መሸበትዎ እንዴት ደግ ነው” አለችኝ።

“ዕድሜ እንዳይመስልሽ” አላት ጌታሁን። “ዋና አዘጋጁ ነው ያሸበተው።”

ሳቀችና የዕለቱን ጉዞ በቃሏ ነገረችን። መጀመሪያ አፋፉ ሚካኤል፣ ከዚያ የፈጠም ወንዝ ዋሻ፣ ከዚያ አገሩ ሁሉ የሚታይበት ተራራ፣ ከዚያ ሚካኤል።

“ሚካኤልን ሁለቴ ጠራሽው” አልኳት።

“ጠዋት ሲያዩት አንድ ነው፤ ከሰዓት ሲያዩት ሌላ ነው” አለች። ስለ ፀሐይ አቅጣጫ የምታወራ መስሎኝ አለፍኩት።

ማንኩሳን አልፈን፣ ቡሬ ሳንደርስ ከዋናው መንገድ ወጥተን በኮረኮንች፣ ከዚያም በእግር ሄድን። አፋፉ ሚካኤል የድሮ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። የወይራና የጽድ ዛፎች ከበውታል፤ በስተጀርባው ምድሩ ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ከሥር የፈጠም ድምፅ ይሰማል። የተቀበሉን ቄሰ ገበዙ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ካህን ናቸው። ቀጭን፣ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አንጓች ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ስትስም “ልጄ፣ አመጣሻቸው?” አሏት። አባቷ መሆናቸውን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተሣሉት ሥዕሎች እስካሁን ዓይኔ ላይ አሉ። ሠዓሊው የአገሩ ሰው ስለነበር የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ በጎጃም ኮርቻ ጭኖታል፤ ከጻድቃኑ ኋላ በቀይ መደብ ላይ የጤፍ ማሳ አብቅሎላቸዋል። ወይዘሮ ሂሩት ሁሉን አየሁ የምትል ሴት ነበረች፤ እዚያ ግን ድምፅ ሳታሰማ ሦስት ጊዜ ዞረችው።

ስንወጣ ጌታሁን በግቢው ጥግ ያለችውን ትንሽ የድንጋይ ቤት አየ። አንድ በር፣ በበሩ ላይ ሦስት ቁልፍ። “እዚያስ ምን አለ?” አለ።

“ዕቃ ቤት ነው። መጻሕፍቱና ንዋየ ቅድሳቱ እዚያ ናቸው” አሉ ቄሰ ገበዙ።

“ማየት ይቻላል?”

“ቁልፉ አልተሟላም።” ከዚያ ነገሩን አብራሩልን። አንዱን ቁልፍ እሳቸው ይይዛሉ፣ አንዱን የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ አንዱን ከምእመናን የተመረጡት አያ ደምሴ። ሦስቱ ካልተገኙ በሩ አይከፈትም። ቁልፍም ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ የያዘው ራሱ መጥቶ መክፈት አለበት። አባቶች ይኸን የደነገጉት አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሰርቅ፣ አንድ ሰውም ብቻውን እንዳይታማ ነው።

ሁለቱ ለምን እንዳልመጡ ስጠይቃቸው ቄሰ ገበዙ ዓይናቸውን ወደ ዕቃ ቤቱ ጣሪያ አነሡ። ዓይናቸውን ተከትዬ አየሁ። በምሥራቅ በኩል አንዱ ቆርቆሮ በነፋስ ተነሥቶ ዝጓል፤ ቀዳዳው እጅ ያስገባል። የግንቦት ማለቂያ ነበር። በምዕራብ፣ ከወለጋ በኩል፣ ደመናው መቆለል ጀምሯል።

“ከላይ ከድነነው ነበር። ነፋሱ ወሰደው” አሉ።

ወደ ዋሻው የሚወርደው መንገድ ገደሉን እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ወይዘሮ ሂሩት ታኮ ያለው ጫማ አድርጋ ስለነበር አንጓች የራሷን ሸራ ጫማ አውልቃ ሰጠቻትና በባዶ እግሯ ቀደመችን። ፈጠም እዚያ ላይ ጠባብ ነው፤ በጥቁር ድንጋይ መካከል ይወረወርና ከዋሻው አፍ ፊት ለፊት ሲደርስ ረጋ ይላል። ዋሻው ከውኃው ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ፀሐይ ውኃውን መትታ ስትመለስ ጣሪያው ላይ ብርሃን ይርመሰመሳል፤ ጭንቅላትህን ቀና አድርገህ ስታየው ሁለተኛ ወንዝ በላይህ የሚሄድ ይመስልሃል። ከዚያ በኋላ ብዙ አገር አይቻለሁ፤ ሆቴል የተሠራለት፣ መብራት የገባለት ዋሻም ገብቻለሁ። እንደዚያ ያለ ጣሪያ አላየሁም።

መሪጌታ ልሳነወርቅ በጋ በጋ እዚያ ያስተምራሉ፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ። ደበሎ የለበሱ ተማሪዎቻቸው በየድንጋዩ ላይ ተበታትነው ቅኔ ይቆጥራሉ። መሪጌታ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ድምፃቸው ዋሻውን የሚሞላ ሰው ናቸው። ጥቁር ጢስ የጠጣ የድንጋይ መደርደሪያ አሳዩን። “በጣሊያን ጊዜ የሚካኤል መጻሕፍት በሙሉ እዚህ ነበሩ። በቁርበት ጠቅልለው፣ ከሥር ጭስ እያጨሱ ከብል ጠበቋቸው። አባቴ ከጠባቂዎቹ አንዱ ነበር” አሉ። ከዚያ ቆም ብለው አንጓችን አዩና “ጣሊያን ያላጠፋውን መጽሐፍ ሁለት ወዳጆች ሊያጠፉት ነው” አሉ።

ነገሩን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ቄሰ ገበዙና አያ ደምሴ ከልጅነት ጀምሮ የማይለያዩ ወዳጆች ነበሩ፤ አንድ ማኅበር የሚጠጡ፣ በሬ የሚዋዋሱ። መሬት በተሸጋሸገ ጊዜ ከአያ ደምሴ ማሳ ተቆርሶ ለቄሰ ገበዙ ወንድ ልጅ ደረሰ። አያ ደምሴ ወዳጄ ለኮሚቴው ሹክ ብሎብኛል አሉ፤ ቄሰ ገበዙ ዝም አሉ። ዝምታው ከነገሩ በላይ አስቆጣቸውና አያ ደምሴ በሚካኤል ስም ማሉ፤ ቄሰ ገበዙ በቆሙበት ደጅ ዳግመኛ ላይቆሙ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ቤቱ አልተከፈተም።

“መሐላውን የሚፈታ የለም?” አልኳቸው።

“አለ እንጂ። ንስሐ አባቱ ቀኖና ሰጥቶ ይፈታዋል። የደምሴ ንስሐ አባት ማን ይመስልሃል?”

“ማን ናቸው?”

“ቄሰ ገበዙ።”

ጌታሁን ሳቀ፤ ከዚያ አንጓችን አየና ተወው። “ሌላ ንስሐ አባት አይዙም?” አለ።

“ለመያዝ የቀድሞውን መሰናበት አለበት። ለመሰናበት መነጋገር አለበት” አሉ መሪጌታ። “በንስሐ አባቱ ላይ የሚምል ደግሞ የኛ አገር ሰው ብቻ ነው። ራሱን ቆልፎ ቁልፉን ለባላጋራው የሚሰጥ።” ከአንገታቸው ማተብ ጋር የታሰረውን የራሳቸውን ቁልፍ አውጥተው አሳዩን። “የኔ ይኸውና፤ ብቻውን ግን ብረት ነው። እነሱ ከመጡ እኔ ፈጥኜ እወጣለሁ፤ ይኸ ሆዴ ቢከብድም።” ወደ ወንዙ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ክረምቱን እንደዚህ ከከረሙ ግን ከመስከረም በኋላ የምንከፍተው ቤት እንጂ መጽሐፍ አይኖርም። ደምሴም ጎልማሳ አይደለም፤ ሳይፈታ ቢሞትስ?”

ወደ ተራራው ስንወጣ አንጓችን ከጎኗ ሆኜ ጠየቅኋት። ሽማግሌ አልሄደም ወይ?

“ስንቴ” አለች። “አገሬው ሁሉ ኸሁለቱ የአንዱ ዘመድ ነው ጋሼ። አያ ደምሴ ተቀመጥ ይሉታል፤ ዘመድ ነውና ይቀመጣል። ጠላ ይቀዳለታል፤ ይጠጣል። ከዚያ ምን አፍ አለው? ጠጥቶ ይመጣል።”

“አንቺስ?”

“እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ወገን ነች ይሉኛል። የአያ ደምሴ ባለቤት፣ ነፍሷን ይማር፣ የክርስትና እናቴ ነበረች። ያደግሁት እዚያ ቤት ነው ለማለት ይቻላል። ከተጣሉ ወዲህ ግን አልገባሁም።” ጥቂት እንደወጣን ሁላችንንም አቆመችን። “አንድ ነገር ልለምናችሁ። ላይ አያ ደምሴ ቤት ስንደርስ ተቀመጡ ይሏችኋል። አትቀመጡ።”

“እስከ መቼ?” አለ ጌታሁን። የካሜራ ሻንጣው ትከሻውን ሰርስሮት ነበር።

“እኔ ተቀመጡ እስክላችሁ።”

“ይኸ ጉብኝት ነው ወይስ ወታደር ቤት?”

“ጉብኝት ነው” አለችው። “አገራችንን ልታዩ አይደል የመጣችሁት?”

አያ ደምሴ ረጅም ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዘንጋቸውን ይዘው አፋፉ ላይ አገኘናቸው፤ እንግዳ ሲወጣ ከሩቅ አይተውት ኖሮ ሊቀበሉ ወጥተው ነበር። አንጓች ከአጥሩ ውጭ ቀረች። እሳቸውም እንዳላዩ አልፈው እኛን ወደ ገደሉ ጠርዝ ወሰዱንና አገሩን አሳዩን። በዘንጋቸው ጫፍ እየነኩ የሚያሳዩ ነበር የሚመስለው። በምሥራቅ የጮቄ ሰንሰለት ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ወደዚህ የዳሞት ሜዳ፣ የታረሰው ቡናማ፣ ያልታረሰው አረንጓዴ፣ እንደ ተጣፈ ብርድ ልብስ። የቡሬ ቆርቆሮዎች ፀሐይ እየመታቸው ብልጭ ድርግም ይላሉ። በደቡብ ፈጠም ገደሉን እየሰነጠቀ ወርዶ፣ አባይ ያለበት ጉም ውስጥ ይሰወራል። ከሥራችን፣ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ የሚመስል የጽድ ክብ፤ በመካከሉ የሚካኤል ጉልላት። አያ ደምሴ ሁሉን በስሙ ጠሩ። ሚካኤልን ግን ዘንጋቸው አልነካውም።

“ኸዚህ ሁሉ አገር የመጣችሁ ደክሟችኋል። ግቡ” አሉን።

ገባን። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል። ምራታቸው ጠላውን በማንቆርቆሪያ ይዛ ብቅ አለች። “ተቀመጡ” አሉ አያ ደምሴ። እኔ ቆምኩ። ወይዘሮ ሂሩት ቆመች። ጌታሁን ጉልበቱ ሲታጠፍ አየሁት፤ ወይዘሮ ሂሩት በክርኗ ጎሰመችውና ቀና አለ።

“ተቀመጡ እንጂ። ቤት ያፈራውን ቅመሱ።”

አልተቀመጥንም። ምራታቸው ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። አያ ደምሴ በየተራ አዩን፤ መጨረሻ ላይ ዓይናቸው እኔ ላይ፣ ሽበቴ ላይ አረፈ፤ ከዚያ በበሩ በኩል አጥሩ ጋ የቆመችውን አንጓችን አዩ። ፊታቸው ሲለወጥ እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ አገር እንግዳ ገብቶ ካልተቀመጠ ደክሞት አይደለም፤ ሽማግሌ ሆኖ መጥቷል ማለት ነው። ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፤ ውኃም አይቀምስም። እንግዳን አቁሞ መዋል ደግሞ ለባለቤቱ ነውር ነው። አንጓች ጠዋት ሽበቴን ያየችበትን ዓይን አስታወስኩ። ጉብኝቱን ያዘጋጀችው ለእኛ ብቻ አልነበረም። የማንም ዘመድ ያልሆነ፣ ተቀመጥ ሲሉት የማይቀመጥ ሽማግሌ ያስፈልጋት ነበር፤ ከአዲስ አበባ አስመጣችው።

“ተናገር እንግዲህ” አሉኝ አያ ደምሴ።

በሥራዬ የለመድኩት ያየሁትን መናገር ነው፤ እሱኑ አደረግሁ። “አባቴ፣ እኛ መንገደኞች ነን። የነገሩን ሥር አናውቅም፤ ማን እንደበደለም አንጠይቅዎትም። ጠዋት የዕቃ ቤቱን ጣሪያ አይተናል። ቀዳዳው እጅ ያስገባል። ደመናውን እርስዎም ከዚህ ያዩታል። ቁልፍዎን ይዘው ካልወረዱ አንቀመጥም።”

አያ ደምሴ በበሩ ወደ ደመናው አዩ። ውጭ ዶሮ ይጭራል። ከዚያ ቀስ ብለው “በየት በኩል ነው ቀዳዳው?” አሉኝ።

“በምሥራቅ በኩል።”

“በምሥራቅ በኩል ተአምረ ማርያም ናት” አሉ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስላሉ። “ዝናም አያገኛትም ብለን እዚያ ቆጥ ሠርተን ያስቀመጥናት እኔና እሱ ነን።” እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄዶ ማተባቸውን ዳሰሰ። “እግራችሁ አልደከመም?”

“በጣም ደክሟል” አለ ጌታሁን ከልቡ።

አያ ደምሴ ሳቃቸውን ዋጡ። ዘንጋቸውን አነሡና ወጡ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ አንጓች ፊት ቆሙ። “አንቺ፣ እንግዳ አቁሞ ማዋል ማን አስተማረሽ?”

“የዚህ ቤት እመቤት ነች ያሳደገችኝ” አለቻቸው፤ ዓይኗን አላነሣችም። “ሙያ ካለኝ ኸሷ ነው።”

ፊታቸውን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው “እስከ በሩ ነው የማደርሳችሁ” አሉና ቀደሙን።

እንዳሉትም የሚካኤል ግቢ በር ሲደርሱ ቆሙ። መሪጌታ ስንወርድ ያየ ተማሪ ነግሯቸው ኖሮ፣ እንደምንም ገደሉን ወጥተው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ዕቃ ቤቱ ደጅ ደርሰዋል። ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ይዘው ከዛፉ ሥር ተነሡ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አጭር ነበር፤ ሳር የበቀለበት። አንጓች ከኋላዬ ስትተነፍስ እሰማታለሁ።

“ምያለሁ” አሉ አያ ደምሴ ከበሩ ውጭ ሆነው።

“ሰምቻለሁ” አሉ ቄሰ ገበዙ።

“ይፈቱኝ እንዳልል የማልኩት በአንቱ ላይ ነው።”

“በእኔ ላይ ማልህ እንጂ ከእኔ አልተሰናበትህም። ልጄ ነህ፤ እስካሁን በጸሎቴ ስምህን አላስታጎልኩም።” ቄሰ ገበዙ ቀርበው መስቀሉን ዘረጉ። “ለኮሚቴው ሹክ አላልኩብህም። ዝም ማለቴ ግን በደል ነው፤ ያንተ መሐላ የመጣው በኔ ዝምታ ነው። ቀኖናህ ይኸ ነው፦ መጻሕፍቱን ተሸክመህ ፀሐይ ላይ የምታወጣ አንተ ነህ። እስኪደርቁ አጠገባቸው ትቀመጣለህ። የኔን ቀኖና መሪጌታ ይስጡኝ።”

“ያንተም እሱ ነው” አሉ መሪጌታ፤ ገና ትንፋሻቸው አልተመለሰም። “አጠገቡ መቀመጥ። ኸሱ የከበደ ቀኖና ባውቅ እሱን በሰጠሁህ ነበር።”

አያ ደምሴ ዝቅ ብለው መስቀሉን ተሳለሙ፤ በሩንም አለፉ።

ሦስቱ ቁልፎች በየተራ ዞሩ። የአያ ደምሴ ዝጎ ስለነበር አስቸገረ፤ ጌታሁን ከመኪናው ዘይት ላምጣ ሲል ቄሰ ገበዙ በሩን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ያዙላቸውና ዞረ። ያ ሽታ የወጣው ያን ጊዜ ነው፤ እርጥብ ቆዳ፣ ጢስ፣ ሰም፣ አይጥ። የተአምረ ማርያም ገበታ፣ የእንጨት ሽፋኗ፣ አብጧል፤ የመጨረሻ ቅጠሎቿ ተጣብቀዋል። የቀረችው ደኅና ነች። አያ ደምሴ እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ታቅፈው አወጧት። ወይዘሮ ሂሩት ሻርፗን አነጠፈች፤ ሾፌራችን የመኪናውን ሸራ አመጣ፤ ቄሰ ገበዙ ቅጠሎቹን በጣታቸው ጫፍ እየለያዩ ገለጡ። ጌታሁን ካሜራው አንገቱ ላይ ነበር። የዕለቱን ሥዕልና ዋሻ አንሥቶ ፊልሙ ገና አላለቀም። አላነሣም፤ እኔም አንሣ አላልኩትም።

ለጋዜጣው የጻፍኩት ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ዋሻውና ከአፋፉ ስለሚታየው አገር ነው። የሁለቱን ሰዎች ነገር አልጻፍኩም፤ ንስሐ ዜና አይደለም። አሁን የማወጣው ሁለቱም በማይሰሙበት ጊዜ ነው። ከዓመታት በኋላ አንጓችን ባሕር ዳር በአጋጣሚ አግኝቻት ነበር። ቆርቆሮው ያንኑ ሳምንት እንደተቀየረ፣ አያ ደምሴ ንስሐቸውን ጨርሰው እንዳረፉ፣ አባቷ ፍትሐቱን ቆመው እንዳደረሱና ድምፃቸው እንዳልተሰበረ ነገረችኝ። ብዙ ባለሥልጣን፣ ብዙ ሸምጋይ፣ ብዙ የተከበረ ሰው በሥራዬ አጋጥሞኛል። አንዲት ልጅ የአያ ደምሴን ደጅ ሳትገባ፣ ታረቁ የሚል ቃል ሳትናገር፣ አገሯን እያሳየች ሁለት ሰዎችን እንዳስታረቀችበት ያለ ሥራ ግን አላየሁም።

ባለቤቴ አሁን መጥታ “አጠገባቸው ተቀምጠህ ልትውል ነው?” አለችኝ። አዎ አልኳት። እስኪደርቁ።

ያን ከሰዓት ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ቄሰ ገበዙና አያ ደምሴ የተዘረጉትን መጻሕፍት መካከል አድርገው ሳሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። አይነጋገሩም። ነፋስ ቅጠል ሲያነሣ የቀረበው እጁን ያሳርፍበታል። እኛ አሁንም እንደቆምን ነበርን፤ ለምን እንደቆምን የረሳን ይመስለኛል። አንጓች ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች። ሸራ ጫማዋን ከወይዘሮ ሂሩት ተቀብላ፣ ሳታጠልቀው ጎኗ አስቀመጠችና ወደ እኛ ዞረች።

“በሉ፣ አሁን ተቀመጡ” አለች።